ከዱላ መውጫ፦ አዳማ ላይ የትኛው በር በቅድሚያ ይንኳኳል?

አዳማ ውስጥ ባሏ የመታት ሴት ብዙውን ጊዜ በሮቹን የምታንኳኳው በዚህ ተራ ነው። በመጀመሪያ ጎረቤት ትገባለች፤ ቡና ይፈላል፣ «አይዞሽ፣ ይበርድለታል» ትባላለች። ቀጥላ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅር ተባብለው ትመለሳለች። ዱላው ሲደጋገም ፖሊስ ጣቢያ ትደርሳለች፤ ፖሊሱም የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃታል። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ግን እብጠቱ ጎድሏል፣ ቁስሉ ጠግጓል፣ ሐኪሙም የሚጽፈው አያገኝም። ፍርድ ቤት ስትቀርብ በእጇ ያለው እንባዋና የእናቷ ምስክርነት ብቻ ይሆናል።

ይህ መመሪያ ተራውን ይገለብጠዋል። ሐኪም በቅድሚያ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፤ ሽማግሌ ደግሞ ካስፈለገ በመጨረሻ። የጻፍኩት በዋናነት ለሚስት ነው። ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩም ያገለግላል፤ በአሠሪዋ ለምትደበደብ የቤት ሠራተኛም አብዛኛው ይሠራል።

አሁን፣ ይህን በምታነቢበት ሰዓት አደጋ ላይ ከሆንሽ ንባቡን ተይውና ከቤት ውጪ። ፖሊስ 991 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። መውጣት ካልቻልሽ ከማድ ቤት ራቂ፤ ቢላዋና የፈላ ውኃ ያለው እዚያ ነው። ወደ በር ወይም ሰው ሊሰማሽ ወደሚችልበት መስኮት ተጠጊና ጩኺ። ጩኸት አያሳፍርም፤ ነገ ምስክር የሚሆንልሽ የሰማ ሰው ነው።

ጠብ ነው ወይስ ጥቃት?

ባልና ሚስት ይጣላሉ። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ተኳርፈው ይተኛሉ። ጥቃት የምንለው ሌላ ነው፤ አቅጣጫ አለው። አንዱ ፈሪ ነው፣ ሌላው ተፈሪ። ራስሽን ለመመርመር የሚጠቅም ጥያቄ አንድ ነው፦ የግቢው በር ሲከፈት ሰውነትሽ ምን ይሆናል? ልጆቹ ድምፃቸውን የሚቀንሱት፣ አንቺም የምትናገሪውን አስቀድመሽ የምትመዝኚው የእርሱን ፊት አይተሽ ከሆነ፣ ዱላ ገና ያላረፈብሽ ብትሆኚም ይህ መመሪያ የአንቺ ነው።

ዱላ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ቀድሞ የሚመጣው ቁጥጥር ነው። ደመወዝሽን ይቀበልሻል፤ የቴሌብር ምስጢር ቁጥርሽን እርሱ ያውቀዋል፣ አንቺ የእርሱን አታውቂም። እህትሽ ጋር ስትነጋገሪ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊ ይልሻል። መታወቂያሽ የት እንዳለ አታውቂም። ጓደኞችሽ አንድ በአንድ ይቀራሉ፤ ሁሉም «ክፉ መካሪ» ተብለው። ብትሄጂ ልጆቹን እንደማታያቸው ይነግርሻል። አንዳንዱ ጭራሽ እጁን አያነሳም፤ ቢላዋውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና እራቱን ይበላል።

ዱላው ሲመጣ ደግሞ ይቅርታው ይከተለዋል። እግር ላይ መውደቅ፣ አዲስ ጫማ፣ እሑድ ከቤተሰብ ጋር ሶደሬ መሄድ። እነዚያ ቀናት እውነተኛ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ምናልባትም እርሱ በዚያች ሰዓት ከልቡ ይሆናል። መታየት ያለበት ግን የይቅርታው ጥልቀት ሳይሆን በሁለት ዱላዎች መካከል ያለው ጊዜ እያጠረ መሄዱ ነው።

«መጠጡ ነው» ወይም «ጫቱ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። ከመናኸሪያ እስከ ቤቱ ድረስ ሰክሮ ሲመጣ ባጃጅ ነጂውንም፣ ጥበቃውንም፣ የአከራዩን ልጅም ያልመታ ሰው፣ በሩን ዘግቶ ሚስቱን ብቻ ከመታ መርጧል ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እኔን የበለጠ የሚያስደነግጠኝ የዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር ነው፦ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ በሴት አፍ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩ ወደ ሞት እየተጠጋ መሆኑን የሚናገሩ ምልክቶችም አሉ። አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል፤ በመሣሪያ ወይም በስለት አስፈራርቶሻል፤ «አንቺንም ገድዬ ራሴንም አጠፋለሁ» ብሏል፤ እርጉዝ ሆነሽ መትቶሻል፤ ቅናቱ እየባሰ ሥራ ቦታሽ ድረስ ይከታተልሻል። ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ በተለይ ማነቅ ካለ፣ ቀጥሎ ያለውን ለነገ አታሳድሪው።

አንደኛው በር፦ ሐኪም፣ በዚያው ቀን

አዳማ ውስጥ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ የዱሮ ሰዎች ዛሬም ኃይለማርያም ማሞ ይሉታል። ቅርብሽ ጤና ጣቢያ ከሆነ እዚያው ሂጂ፤ የከበደ ነገር ካለ እነርሱ ሪፈር ይጽፉልሻል።

እዚያ ስትደርሺ የምትፈተኚበት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምን ሆነሽ ነው?» «ደረጃ ላይ ወድቄ» ካልሽ ሐኪሙ ያንኑ ይጽፋል፣ ከወራት በኋላም የተከሳሽ ጠበቃ ያንን ካርድ ያነብብሻል። እውነቱን ተናገሪ፤ ማን እንደመታሽ፣ በምን፣ በስንት ሰዓት። ቁስሉ የት እንዳለ፣ መጠኑና ቀለሙ በካርድሽ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። ልብስ የሸፈነውንም አሳዪ፤ ጀርባ፣ ጭን፣ የራስ ቆዳ። ባልሽ አብሮሽ ገብቶ ከሆነ ነርሷን ብቻሽን ልታነጋግሪያት እንደምትፈልጊ ንገሪያት፤ ለሽንት ምርመራ ስትሄጂ ለዚህ የሚሆን አጋጣሚ አይጠፋም።

ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሚሆነውን የሕክምና ማስረጃ ሆስፒታሉ የሚሰጠው በአብዛኛው ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው። «ታዲያ በመጀመሪያ ፖሊስ ጋ ልሂድ እንጂ» እንዳትዪ። ደብዳቤው ነገ ቢመጣ ማስረጃው የሚጻፈው ዛሬ ከተሞላው ካርድ ላይ ነው፤ ካርድ ከሌለ ግን ደብዳቤው የሚያናግረው የለም። የካርድ ቁጥርሽን በስልክሽ ሳይሆን በወረቀት ያዢው።

ፎቶግራፍ አንሺ። አንዱ ፊትሽና ጉዳቱ አብረው የሚታዩበት፣ ሌላው ቀረብ ብሎ ጉዳቱን ብቻ የሚያሳይ ይሁን። በማግሥቱና በሦስተኛው ቀንም ድገሚው፤ ምት ብዙ ጊዜ የሚጠቁረው ቆይቶ ነው። ለምታምኛት ሰው ላኪና ከስልክሽ አጥፊ።

ታንቀሽ ከነበረ ምንም ምልክት ባይታይብሽም ሐኪም ዘንድ ሳትሄጂ አትደሪ። ድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በዓይን ነጭ ክፍል ላይ የደም ነጠብጣብ፣ ራስን መሳት ወይም ሽንት ማምለጥ ከባድ ምልክቶች ናቸው። አንገት ውስጥ ያለ ጉዳት ከሰዓታት አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊገድል ይችላል።

ተገደሽ ተደፍረሽ ከሆነ ሰዓቱን ቁጠሪ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሠራ ይችላል፤ እርሱም በዘገየ ቁጥር ይደክማል። ከምርመራው በፊት አትታጠቢ። የለበስሽውን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልይው፤ በፌስታል ውስጥ ይታመቅና ይሻግታል። በአዳማ ሆስፒታል ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት የሚቀበል የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ሐሳቡ ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ምክሩ፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራው በአንድ ቦታ እንዲያልቅና ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደግም ነው።

እዚህ ላይ መራራ ነገር አለ። የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው ከጋብቻ ውጪ ለተፈጸመ ድርጊት ነው። ባልሽ ከሆነ በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። አብሮት ያለው ድብደባና ዛቻ ግን ወንጀል ነው፤ ሕክምናውም ያገባሽ መሆንሽን አይጠይቅም።

ሻንጣው፦ ከመውጣት በፊት የሚሠራ ሥራ

ብዙዎች የማያውቁት ወይም ማመን የማይፈልጉት ነገር፣ ሴት ልጅ ከሁሉም በላይ አደጋ ላይ የምትወድቀው ልትወጣ ስትልና ከወጣች በኋላ ባሉት ሳምንታት መሆኑን ነው። ስለዚህ በንዴት «እፈታሃለሁ!» ብለሽ አትዛቺ። ዝም ብለሽ ተዘጋጂ።

የምታሰባስቢው ወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ወይም የፋይዳ ቁጥር፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ካርድ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ውጤት፣ የቤቱ ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙ ውል፣ የመኪናው ሊብሬ። ዋናውን መውሰድ ካስጠረጠረ ፎቶው ይበቃል። የዕቁብ ዕጣሽ ያልወጣ ከሆነ ለዕቁቡ ዳኛ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ገንዘቡ በእጅሽ እንዲሰጥ እንጂ «ለባለቤቷ» እንዳይባል። በየዕለቱ የሚወሰድ መድኃኒት ካለሽ የጥቂት ቀን ትርፍ ያዢ።

ይህን ሁሉ እናትሽ ቤት አታስቀምጪ። እርሱ በመጀመሪያ የሚፈልግሽ እዚያ ነው። ወንጂና ሞጆ ያሉ ዘመዶችም ለእርሱ ቅርብ ናቸው። የሥራ ባልደረባ፣ የትምህርት ቤት መምህርት፣ እርሱ የማያውቃት የድሮ ጓደኛ ትሻላለች።

ስልኩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ስንት መሣሪያ ላይ እንደተከፈተ ተመልከቺ፤ የማታውቂው ካለ የእርሱ ሊሆን ይችላል። በድንገት ብታስወጪው ግን ይነቃል፤ ስለዚህ የምስጢር ንግግርሽን በሌላ ሰው ስልክ አድርጊ፣ ያንን ማጽዳት ለመውጫሽ ቀን ተይው። የባንክ መልእክት የሚገባበት ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ አጣሪ። አዲስ ሂሳብ ብትከፍቺ ከሰፈርሽ ራቅ ባለ ቅርንጫፍ ይሁን። ስትወጪ በስልክሽ ያለውን የቦታ መጠቆሚያ ዝጊ።

ልጆችን በመካከል ገብተው እንዳይገላግሉ ንገሪያቸው። የእነርሱ ሥራ ሮጦ መውጣትና የተስማማችሁበት ጎረቤት ዘንድ መግባት ነው። የምስጢር ቃል ስጫቸው፤ «ሽንኩርት ግዢ» ሲባል መሮጥ ማለት ይሁን። ትንንሾቹ ግን ምስጢር አይዙም፣ ስለዚህ የመውጫውን ቀን አትንገሪያቸው።

ቀኑን ስትመርጪ እርሱ ሥራ ላይ የሆነበትን ሰዓት፣ መጓጓዣ ስትመርጪ ደግሞ የሰፈርሽ ተራ ላይ የማይሠራ ባጃጅ ምረጪ። የሰፈርሽ ባጃጅ ነጂ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ማታ «ሚስትህን ፍራንኮ ሰፈር አድርሼያት መጣሁ» ብሎ በየዋህነት ይነግረዋል።

ሁለተኛው በር፦ ፖሊስ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይደነግጋል። አንቀጹ ወንድና ሴት አይለይም። ከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ቀላል የአካል ጉዳት በአንቀጽ 556 የሚታይ ሲሆን፣ ተራ የሚባለው ዓይነት በተጎጂው አቤቱታ ብቻ ነው የሚያስከስሰው። አቤቱታውም ድርጊቱ በታወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ፋሲካ ይለፍ»፣ «የእህቱ ሠርግ ይለፍ» ሲባል 3 ወር ምን ያህል አጭር እንደሆነ የምታውቅ ታውቀዋለች።

ጣቢያ ስትደርሺ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለውን ክፍል ጠይቂ። ሁለት ነገር ሳትይዢ አትመለሺ፦ አቤቱታሽ የተመዘገበበትን ቁጥርና የመርማሪውን ስም። ቃልሽን ስትሰጪ ከመጨረሻው ዱላ ጀምሪ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተመታሽበት ዕቃ፣ የሰማ ሰው። ታሪኩን ከሠርጋችሁ ከጀመርሽው መርማሪው ይደክመዋል፣ ዋናውም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የቀደሙትን አስከትዪ።

የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቃልሽ የሚጻፈው በእርሱ ሊሆን ይችላል። ቋንቋውን የማታነቢ ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት በአማርኛ እንዲነበብልሽ ጠይቂ፤ የምታነብ ሰው ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ይበልጣል።

«የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ሂዱና ታረቁ» ልትባዪ ትችያለሽ። ያኔ አትጨቃጨቂ፣ አታልቅሺም። «አቤቱታዬ ይመዝገብልኝ» የሚለውን ብቻ ደጋግመሽ ተናገሪ። እምቢ ካሉ የጣቢያውን ኃላፊ፣ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግን፣ አለዚያም የክፍለ ከተማሽን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አነጋግሪ። ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ይዛ ወይም ባለሙያ አስከትላ የምትመጣ ሴት ብቻዋን ከምትመጣው በተለየ ዓይን እንደምትታይ ማወቅ ያሳዝናል፤ ግን ተጠቀሚበት።

ቢታሰርም በዋስ ቶሎ ሊፈታ ይችላል። የሚፈታበትን ቀን መርማሪውን ጠይቂ፤ ያቺን ሌሊት በዚያ ቤት አታሳልፊ።

መጠለያና የሕግ ድጋፍ

የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ነፃ የስልክ መስመር የሕግ ምክር ይሰጣል፤ አዳማም ቅርንጫፍ ነበረው፣ ስለዚህ ስትደውዪ በአካል የት ማግኘት እንደምትችዪ ጠይቂ። የመክፈል አቅም ለሌላት ሴት አቤቱታ መጻፍን ጨምሮ ያግዛሉ።

መሄጃ ከሌለሽ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዳማ ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ አለው። አድራሻው በምልክት ሰሌዳ አይለጠፍም፤ ይህም ለአንቺው ደኅንነት ነው። መንገዱ በፖሊስ፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በሆስፒታሉ ማዕከል በኩል መላክ ነው። «መጠለያ መግባት እፈልጋለሁ» ብለሽ በግልጽ ካልጠየቅሽ አንዳንዱ ባለሙያ ዘመድ ጋ የምትሄጂ ይመስለዋል።

ሦስተኛው በር፦ ፍርድ ቤት

የወንጀሉን ክስ የሚከራከረው ዐቃቤ ሕግ ነው። ፍቺ፣ ቀለብ፣ ልጆችና ንብረት ግን በአንቺ አቤቱታ የሚጀመር የተለየ መዝገብ ነው፤ አንዱ ሌላው እስኪያልቅ አይጠብቅም። አዳማ ላይ የቤተሰብ ጉዳይ የሚታየው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው።

ብዙ ሴቶችን ቤት ውስጥ የሚያስቀራቸው ፍርሃት «ጥዬ ከወጣሁ ንብረቴን አጣለሁ» የሚለው ነው። አታጪም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመንም በፍቺም ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በትዳር ውስጥ ያፈራችሁት ንብረት በእርሱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል እርሱ ያስረዳ። ሊሸጥ ወይም ሊያሸሽ ነው ብለሽ ከሠጋሽ ከፍቺው አቤቱታ ጋር የእግድ ትዕዛዝ ጠይቂ። የልጆች ቀለብና ማን ዘንድ እንደሚቆዩ የሚወስን ጊዜያዊ ትዕዛዝም በዚያው ቀን ይጠየቃል። ዳኛው ያልተጠየቀውን አይሰጥም።

ፍርድ ቤቱ እንድትታረቁ ሊሞክር ይችላል። ያኔ የሕክምና ማስረጃውንና የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩን አቅርቢና ከእርሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብቻሽን መቀመጥ እንደማትፈልጊ ተናገሪ። የቀጠሮ ዕለት ብቻሽን አትሂጂ፣ ብቻሽንም አትመለሺ።

ሽማግሌ

ሽማግሌ አልጠላም። አንድ ትዳር ውስጥ ንፉግነት ወይም ኩርፊያ ሲኖር ሽማግሌ የሚያቀናውን ዳኛ አያቀናውም። የሚመታን ሰው ግን ሽማግሌ ሲያስታርቀው ዋስትናው ምንድን ነው? «ዳግመኛ አልመታም» የሚል ቃል ነው፤ ያንን ቃል ለአንቺም ሰጥቶሽ ያውቃል።

የግድ ከሆነ አቤቱታሽን ሳታነሺ ተቀመጪ። ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ ቢመታ ምን እንደሚከተል ይጻፍ፤ ከአንቺ ወገን ሴት ሽማግሌ ትኑር። እስከዚያ ተለያይታችሁ ቆዩ። ደግሞም ዕርቅ ከባድ የአካል ጉዳትን ክስ አያቋርጥም፤ እርሱ የግል አቤቱታ ጉዳይ አይደለምና።

በዚህ ረገድ የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ከብዙዎቻችን ይቀድማሉ። ሲንቄ የምትባለውን በትር ይዘው፣ የተመታች ሴት ጩኸት በተሰማ ጊዜ ሥራቸውን ጥለው አብረው ይወጣሉ፤ በተለይ አራስ ወይም እርጉዝ ተመትታ ከሆነ በዳዩ እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። እዚያ ዱላ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ጉዳይ ነው፤ እንደ ገመና አይሸፈንም።

ለጎረቤትና ለእህት

ከግድግዳው ማዶ ስትሰሚ በሩን አንኳኪና ጨው ተበደሪ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የአንድ ደቂቃ መቋረጥ እጅ ያስቆማል። ስለት ወይም መሣሪያ ካለ ግን አትግቢ፤ ደውዪ።

በኋላ ስትነግርሽ «ምን አድርገሽው ነው?» አትበያት። «ዛሬውኑ ፍቺው» ብለሽም አታጣድፊያት፤ የምትወጣበትን ቀን የምታውቀው እርሷ ናት። ወረቀቷን ተቀበዪአት፣ ፎቶዋን አስቀምጪላት፣ ሆስፒታል አብረሻት ሂጂ። ተመልሳ ብትሄድም አትቆጫት፤ ብዙዎች ከመውጣታቸው በፊት ተመላልሰዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትመጣው ወዳልተቆጣት ሰው ነው።

የሰማሽውን ቀንና ሰዓት በዚያው ሌሊት ጻፊው። ለምስክርነት ስትጠሪ ዳኛው የሚጠይቅሽ በዓይንሽ ያየሽውንና በጆሮሽ የሰማሽውን ነው፤ «ሁልጊዜ ይመታት ነበር» ከማለት «ማክሰኞ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ‹አታንቀኝ› ስትል ሰምቻለሁ» ማለት ይበልጥ ይረዳታል።